ውሉ ላይ ፊርማዋ የሌለ አገር

የዛሬው የላይቤሪያ ጦር የተመሠረተው በውል ነው። ዲንኮርፕ ኢንተርናሽናል እና ፒኤኢ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች የድሮውን ሠራዊት በትነው፣ አዳዲስ ምልምሎችን አጣርተው፣ ካምፕ ሠርተውና አሰልጥነው 2,000 ገደማ ወታደር ያለው ጦር አስረክበዋል። ከፋዩ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ውሉን የተፈራረሙትም ከፋዩና ኩባንያዎቹ ናቸው። ላይቤሪያ በውሉ ላይ ፈራሚ አልነበረችም።

ስለ ግል ወታደራዊ ኩባንያዎች ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን በኢራቅና በሌሎች ቦታዎች መሣሪያ አንግቶ የሚንቀሳቀሰው ቅጥረኛ ነው። የስልጠና ውል ግን ድምፅ የማይሰማበት ሥራ በመሆኑ ብዙ አይወራለትም። ለእኔ ጠለቅ ብሎ መታየት ያለበት እንዲያውም ይኸኛው ነው። ተዋጊው ውሉ ሲያበቃ መሣሪያውን ይዞ ይሄዳል፤ አሰልጣኙ ሲሄድ ግን መሣሪያ የታጠቀ የአገር ልጅ ትቶ ነው። ያ ወታደር ማንን እንደሚያገለግል፣ ሲቪሉን በምን ዓይን እንደሚያይ፣ የማንን ትዕዛዝ እንደሚቀበል በመጀመሪያዎቹ የስልጠና ሳምንታት ይቀረጻል። ሳምንታቱን የወሰነው ደግሞ ውሉ ነው።

የላይቤሪያን ጉዳይ የመረጥኩት አንድ ሙሉ ብሔራዊ ጦር ከምልመላ እስከ ምረቃ በተቋራጭ የተሠራበት ጎልቶ የሚታይ ምሳሌ ስለሆነ ነው። ለእኛም ሩቅ አገር አይደለችም። ኢትዮጵያ ከተባበሩት መንግሥታት የላይቤሪያ ተልዕኮ ጋር ሰላም አስከባሪ ጦር አዝምታ ነበርና ያን ጊዜ በቅርብ ያዩ ወታደሮቻችን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መንግሥታት ወታደራዊ ስልጠና በኩባንያ በኩል ማቅረብ የጀመሩት በላይቤሪያ አይደለም። በ1975 ቪኔል ኮርፖሬሽን የሳውዲ አረቢያን ብሔራዊ ዘብ ለማሰልጠን 77 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል ሲይዝ ነገሩ ለአሜሪካ ምክር ቤት አባላት እንግዳ ሆኖባቸው ብዙ ጥያቄ አስነስቷል። በ1994 በጡረታ የተገለሉ የአሜሪካ ከፍተኛ መኮንኖች ያቋቋሙት ኤምፒአርአይ የክሮኤሺያን መኮንኖች ለማሰልጠን ከአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት ላይ የክሮኤሺያ ጦር በአጭር ዘመቻ ሰፊ ግዛት መልሶ ሲይዝ ኩባንያው በዘመቻው ዕቅድ እጄ የለበትም አለ፤ ስሙ ግን በዓለም ናኘ። የቦስኒያን ጦርነት ካበቃው የዴይተን ስምምነት በኋላ ቦስኒያም ይህንኑ ኩባንያ ቀጠረች፤ ለመርሐ ግብሩ ገንዘብ ካዋጡት መካከል ሳውዲ አረቢያ፣ ኩዌትና ማሌዢያ ይገኙበታል።

እነዚህ ታሪኮች ሁለት መንገድ ያሳያሉ። በአንደኛው ስልጠና ፈላጊው መንግሥት ራሱ ገዢ ይሆናል፤ ኩባንያው ከአገሩ መንግሥት የኤክስፖርት ፈቃድ አውጥቶ ይሸጥለታል። በአሜሪካ ሕግ ለውጭ ጦር ስልጠና መስጠት እንደ መሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ የሚጠይቅ አገልግሎት ነው። በሁለተኛው መንገድ ገዢው ሦስተኛ ወገን ነው፤ ለጋሹ መንግሥት ከራሱ በጀት ከፍሎ፣ ከራሱ ኩባንያ ገዝቶ፣ ለሌላ አገር ያቀርባል። ላይቤሪያ የገባችው በዚህ በሁለተኛው ነው። ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በውል ሕግ ግን ሥራውን የሚያዝ፣ የሚቆጣጠር፣ ጉድለት ሲያይ አልረከብም የሚል ገዢው ነው። ተጠቃሚ መሆን ብቻውን መብት አይሰጥም።

በላይቤሪያ የነበረው ጦር እንዲሁ ተጠግኖ የሚቀጥል አልነበረም። በ1980 በሳጅን ሳሙኤል ዶ የተመራ የበታች ሹማምንት ቡድን ፕሬዚዳንት ቶልበርትን ገድሎ ሥልጣን ያዘ፤ ከቀናት በኋላም 13 ባለሥልጣናት በዋና ከተማዋ በሞንሮቪያ ባሕር ዳርቻ ላይ ተረሸኑ። ዶ ጦሩን በራሱ ብሔረሰብ በክራኖች ሞላው። በጁላይ 1990 የመንግሥት ወታደሮች በሞንሮቪያ በቅዱስ ጴጥሮስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉ 600 ገደማ ሰዎችን ፈጁ። የአማፂዎቹ መሪ ቻርልስ ቴይለር ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ ጦሩን ችላ ብሎ በራሱ ታጣቂዎች ተማመነ። በ2003 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ ለአንድ ላይቤሪያዊ የወታደር ልብስ የሚያስታውሰው ዘረፋን፣ አስገድዶ መድፈርንና ግድያን ነበር።

በኦገስት 2003 አክራ ላይ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ጦሩ እንደ አዲስ እንዲዋቀር ወሰነ፤ አሜሪካም መልሶ ማዋቀሩን በግንባር ቀደምነት እንድትመራ ፈራሚዎቹ ጠየቁ። ስለዚህ ላይቤሪያውያን ሳይጠየቁ የተጫነባቸው ነገር ነው ማለት አይቻልም። ጥያቄውን ሲያቀርቡ የጠበቁት የአሜሪካን ጦር ነበር። የአሜሪካ ጦር ግን ያኔ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ተወጥሯል፤ ለትንሽ ምዕራብ አፍሪካዊት አገር ለዓመታት የሚመደብ የአሰልጣኝ ኃይል ማግኘት ከባድ ነበር። ሥራው ከወታደር ወደ ዲፕሎማት፣ ከዲፕሎማት ወደ ተቋራጭ የተሸጋገረው እንዲህ ነው።

የግዥው አካሄድ ራሱ ብዙ ያስተምራል። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በ2003 በአፍሪካ ለሚሠሩ የሰላምና የጸጥታ ሥራዎች አንድ የማዕቀፍ ውል አዘጋጅቶ ነበር። በማዕቀፍ ውል ላይ ገዢው ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ጣሪያ ዋጋ ያስቀምጣል፣ ብቁ ያላቸውን ኩባንያዎች አስቀድሞ ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ በመጣ ቁጥር አዲስ ጨረታ ለሁሉም ክፍት ሳያደርግ በሥራ ትዕዛዝ ያስተላልፋል። እኛም አገር የመንግሥት ግዥ ሠራተኞች ለጽሕፈት ዕቃና ለመኪና ጎማ ይህን ስልት ያውቁታል። ጊዜ ይቆጥባል፤ ተወዳዳሪውን ግን ያጠባል። በዚህ የአፍሪካ ማዕቀፍ ውስጥ የነበሩት ዲንኮርፕና ፒኤኢ ብቻ ነበሩ። የላይቤሪያ ሥራ ሲመጣ ሊወዳደሩ የቻሉት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ በመጨረሻም ለሁለቱ ተከፋፈለ። ምልመላው፣ ማጣራቱና መሠረታዊ ስልጠናው ለዲንኮርፕ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የክፍል ስልጠናና ክትትል በዋናነት ለፒኤኢ ሆነ። ማዕቀፉ በ2009 ሲታደስ ተመራጮቹ አራት ደርሰዋል።

ሥራው የተጀመረው በመበተን ነው። ከ13 ሺህ በላይ የቀድሞ የጦሩ አባላት ተመዝግበው፣ ተረጋግጠው፣ የስንብት ክፍያ ተሰጥቷቸው ተሸኙ። ክፍያው አይበቃንም፣ የእኔ ስም ተዘሏል፣ የሟች ባሌ መብት ተነፍጎኛል የሚሉ ሰልፎች ሞንሮቪያ ውስጥ ለዓመታት ተደጋግመዋል። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ አንድ ነገር ግን መባል አለበት። ሰልፈኞቹ የሄዱት ወደ መከላከያ ሚኒስቴራቸው ነው። በውል የተሰጠ ሥራ ላይ ያላቸውን ቅሬታ ያቀረቡት ውሉን ላልፈረመ መንግሥት ነበር፤ የሚያውቁት መንግሥት እሱ ነውና።

ከሥራው ሁሉ የተዋጣለት ምልመላው ነው፤ ይህን ሳይሸራርፉ መመስከር ያስፈልጋል። በጃንዋሪ 2006 ምዝገባው ሲከፈት የአገሪቱ መዛግብት ግማሹ ተቃጥሏል፣ ግማሹ ተዘርፏል። የፖሊስ ሪከርድ የለም፣ የትምህርት ማስረጃ አስመስሎ መሥራት ቀላል ነው፣ በጦርነቱ ወቅት ማን ምን እንዳደረገ የተጻፈ ፋይል ጥቂት ነው። አጣሪዎቹ ይህን ጉድለት በሰው ምስክርነት ሊሞሉት ተነሱ። አመልካቹ የአካል ብቃት፣ የንባብና የጤና ፈተና ካለፈ በኋላ ፎቶው ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ይህን ሰው በክፉ ሥራ የሚያውቀው ካለ በምስጢር ይናገር ይባላል። አንድ በጦርነቱ ልጇን ያጣች እናት ከተለጠፉት ፎቶዎች መካከል የገዳዩን ፊት ብትለይ፣ ስሟ ሳይወጣ የምትናገርበት መንገድ ተበጅቷል ማለት ነው። ከዚያም አጣሪዎች እስከ ትውልድ ቀዬው ድረስ ሄደው ጎረቤቱን፣ መምህሩን፣ ያሠሩትን ሰዎች ይጠይቃሉ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች በጦርነቱ ዘመን የሰበሰቡት መረጃም ይመሳከራል። ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች አመልክተው ከአራቱ ሦስቱ ያህል ወድቀዋል። ዓለም አቀፉ የቀውስ ጥናት ቡድን በ2009 ባወጣው ሪፖርት ይህን የማጣራት ሥራ ጉልህ ስኬት ብሎታል።

ለምን ተሳካ? በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት አጣሪዎቹ የአገሬው ፖለቲካ ውስጥ የሌሉ መሆናቸው ነው። ሚኒስትር የእህቱን ልጅ፣ የቀድሞ የጦር አበጋዝ ተከታዩን አስገባልኝ ብሎ ስልክ ቢደውል ተቋራጩ ለእሱ የሚመልስበት ግዴታ የለበትም። በዚያን ጊዜ ላይቤሪያ ያ መከታ ያስፈልጋት ነበር። በዲንኮርፕ የዚህ መርሐ ግብር ኃላፊ ከነበሩት አንዱ የሆነው ሾን ማክፌት በ2014 ባሳተመው መጽሐፉ የኩባንያዎቹን ጥንካሬ ሲገልጽ ከሚያነሳቸው አንዱ ይኸው ሥራ ነው። ሆኖም ተቋራጩን ከአማላጅ የጠበቀው ያው ግድግዳ ከሕጋዊው የጦሩ ባለቤትም ጋረደው። የዚህ ውል ጥሩውም መጥፎውም ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስልጠናው እንግባ። ለምልምሎች የታቀደው መሠረታዊ ስልጠና 11 ሳምንት ነበር። ከዚህ ውስጥ ሦስቱ ለሲቪክስ፣ ለሰብአዊ መብትና ለሕግ የበላይነት ትምህርት የተያዙ ናቸው። ማርክ ማላን በ2008 በአሜሪካ ጦር ኮሌጅ የስትራቴጂ ጥናት ተቋም በኩል ያሳተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ስልጠናው ወደ 8 ሳምንት ሲያጥር የተቆረጡት እነዚሁ ሦስት ሳምንታት ናቸው። ከላይ የጠቀስኩትን የጦሩን ታሪክ አንባቢ መለስ ብሎ ያስበው። ሕዝብ በወታደሩ ላይ እምነት ባጣበት አገር፣ በመቆጠብ ስም የወጣው ወታደሩ ከሕዝብ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚማርበት ክፍለ ጊዜ ነበር። ሰልፍ፣ ተኩስ፣ የመሣሪያ አያያዝና የመጀመሪያ ዕርዳታ አልተነኩም።

ይህን በክፉ ሰዎች ውሳኔ ብቻ ማሳበብ ስህተት ይመስለኛል። ነገሩ ያለው ስልጠና በውል ሲገዛ ሥራው በምን እንደሚለካ ላይ ነው። ተቋራጭ የሚከፈለው ለሚቆጠር ነገር ነው። የተመረቀ ሰው ይቆጠራል፣ የተተኮሰ ጥይት ይቆጠራል፣ ያለቀ የመኝታ ክፍል ይቆጠራል። አንድ የ20 ዓመት ወጣት በፍተሻ ኬላ ላይ ከገበያ የምትመለስ ሴት ሲያገኝ እጁን ከኪሷ እንዲሰበስብ ማድረግ ግን በርክክብ ሰነድ ላይ ምልክት የሚደረግበት ሣጥን የለውም። ገንዘብ ሲያጥር የመጀመሪያው መቀስ የሚያርፈው ባልተቆጠረው ላይ ነው። በውስጥ ያለ ጦር አዛዥ ቢሆን የሳተውን በሚቀጥለው ዓመት ያርማል፤ ወታደሮቹ አብረውት ይኖራሉና። ለተቋራጩ ግን የሥራ ትዕዛዙ ሲዘጋ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ገንዘቡም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚፈስ አልነበረም። ለጋሹ በበጀት ዓመት እየከፋፈለ ይለቃል፤ ምደባው ሲዘገይ ሥራውም ይቆማል። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች 100 ገደማ ሆነው በኖቬምበር 2006 ወጡ፤ ቀሪው ጦር እስኪሞላ ዓመታት ወሰደ። በጥቅሉ ለዚህ ሥራ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደወጣ ይነገራል። ካምፕ ግንባታውንና አስተዳደሩን ጨምሮ ለአንድ ወታደር ሲካፈል 100 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል። ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለውን መመለስ የሚችል ላይቤሪያዊ የሂሳብ መርማሪ አልነበረም፤ ሰነዱ በእጁ አልነበረምና።

ፕሬዚዳንት ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ቃለ መሐላ የፈጸመችው በጃንዋሪ 2006 አጋማሽ፣ ምልመላው በተጀመረበት በዚያው ሰሞን ነው። በምርጫ የመጣው መንግሥት ሥልጣን ሲረከብ የጦሩ መጠን ተወስኗል፣ ተቋራጩ ተመርጧል፣ የሥራ ትዕዛዙ ወጥቷል። በሁለቱ መንግሥታት መካከል ስምምነት ነበር። የጦሩን ቅርጽ በዝርዝር ያሰፈረው ግን የተቋራጩ ውል ነው። የላይቤሪያ ምክር ቤት ተቋራጩን ጠርቶ የሥርዓተ ትምህርቱን ለውጥ ለምን አደረግህ የሚልበት የውል መብት አልነበረውም። ስለ ውሉ ጥያቄ ሲነሳ ኩባንያው ተጠሪነቴ ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ነው ቢል በሕግ ትክክል ነው። የውሉ ኃላፊ ዋሽንግተን፣ ጦሩ ሞንሮቪያ፣ በመካከል ኤምባሲ ውስጥ ያሉ ጥቂት መኮንኖች፤ የቁጥጥሩ ገመድ በዚህ ሁሉ ርቀት የተዘረጋ ነበር።

የውጭ አሰልጣኝ መቀበል በራሱ ነውር እንዳይመስልብኝ ከእኛ ታሪክ አንድ ነገር ላንሳ። በ1930ዎቹ ሆለታ ላይ ስዊድናውያን መኮንኖች፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሐረር ጦር አካዳሚ ላይ ህንዳውያን መኮንኖች አስተምረዋል። መምህራኑ ባዕድ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ግን የኢትዮጵያ ነበር፣ የጠራቸውም የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። የዚያ ጦር ጉድለት ብዙ ሊባልለት ይችላል፤ አሰልጣኙ ማን ዘንድ ነው የሚጠየቀው የሚለው ግን ግልጽ ነበር።

የተቋራጮቹ ሥራ በ2009 መጨረሻ ተጠናቅቆ ከ2010 ጀምሮ የአሜሪካ ወታደሮች ራሳቸው በአማካሪነት ገቡ። የጦሩ አዛዥ እስከ 2014 ድረስ ናይጄሪያዊ ጄኔራል ነበር፤ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ዳንኤል ዚያንካን የመጀመሪያው ላይቤሪያዊ የአዲሱ ጦር አዛዥ ሆነ። በ2013 አንድ የመቶ (ፕላቱን) ያህል ኃይል ማሊ ዘምቷል፤ ራሷ ሰላም አስከባሪ ትቀበል የነበረች አገር ላኪ ሆነች። በ2018 ሥልጣን ከሰርሊፍ ወደ ጆርጅ ዊያ፣ በ2024 ከዊያ ወደ ጆሴፍ ቦአካይ ሲተላለፍ ጦሩ ከካምፑ አልወጣም። ይህን ያህል ታሪክ ላለው ጦር ትልቅ ነገር ነው፤ በጥንቃቄ የተካሄደው ምልመላም ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ።

በኦገስት 2014 ደግሞ በኢቦላ ምክንያት ዌስት ፖይንት የተባለው የሞንሮቪያ የድሆች ሰፈር ሲዘጋ ወታደሮች በተቃዋሚ ነዋሪዎች ላይ ተኩሰው አንድ ታዳጊ ሞተ። ያ ጥይት ከተቆረጡት ሦስት ሳምንታት የተነሳ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። ግን ያን ቀን የጠፋው ችሎታ፣ ያልታጠቀና የተቆጣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ጣትን ከቃታ ላይ ማንሳት፣ በእነዚያ ሳምንታት ሊሠራ የታሰበው ነበር።

በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የወታደር ሚስቶች መንገድ ዘጉ። ያሉት ደሞዝ ያንሳል፣ ካምፑ መብራት የለውም የሚል ነው። የጦር ኃይሎች ቀን በዓል ተሰረዘ፣ ገና የተሾመው የመከላከያ ሚኒስትርም ሥልጣኑን ለቀቀ። ይህም ከውሉ ጋር ይገናኛል። የግንባታ ውል የሚያበቃው ቁልፍ በማስረከብ ነው፤ ጄነሬተሩን ለ20 ዓመት ነዳጅ የሚሞላው የአገሬው በጀት ነው። ከለጋሽ ኪስ የተነደፈ ካምፕ በተቀባይ ኪስ ሲተዳደር ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማስላት የነበረበት የገንዘብ ሚኒስቴሩ ነበር። እሱም ፈራሚ አልነበረም።

የላይቤሪያው ውል ያለፈ ታሪክ ይሁን እንጂ ስልቱ ዛሬም ይሠራል፤ በጎረቤታችን ሶማሊያ ዳናብ የተባለው ልዩ ብርጌድ ሲመሠረት በአሜሪካ ገንዘብ ባንክሮፍት የተባለ ድርጅት አሰልጥኖታል። ስለዚህ በአፍሪካ ቀንድ ያላችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የመከላከያና የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያዎች፣ የሕግ ሰዎች፣ ለጋሽ አሰልጣኝ ልላክላችሁ ሲል ከምስጋናው ጋር ሦስት ነገር ጠይቁ። የውሉን ሙሉ ቅጂ ሥራው ሳይጀመር ስጡን በሉ። የትምህርት ሰዓት ሲቀነስ የእኛ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል የሚል አንቀጽ አስገቡ። ምርቃቱ ላይ እንደ እንግዳ ከመቀመጥ ይልቅ የርክክብ ሰነዱን አብራችሁ ፈርሙ፤ ጉድለት ካለም አልረከብም ለማለት የምትችሉበትን መብት ያዙ። ምልመላውን ከአማላጅ ለመጠበቅ ለውጭ አጣሪ መተው ይቻላል፤ ላይቤሪያ አሳይታናለች። ወታደሩ ምን ይማር የሚለውን ግን ለማንም አትተዉ።